ለ15 ሜትር ተኩስ ፍላጻው ስንት ይመዝን?

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን የተላከ ነው፤ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «45 ፓውንድ የተጻፈበት ሪከርቭ ደጋን አለኝ። ስድስቱ ፍላጻዎቼ ካርቦን ናቸው፤ 500 ስፓይን፣ 29 ኢንች ርዝመት፣ 100 ግሬይን ጫፍ፣ የእያንዳንዳቸው ሙሉ ክብደት 380 ግሬይን። በሰኔ ደቡብ አፍሪካ ያለ ዘመዴ ፈቃድ ባለው የግል የአደን ይዞታ ከርከሮ እንዳድን ጋብዞኛል። ውኃ ዳር ከተሠራ መሸሸጊያ ነው፣ ከ15 ሜትር አይበልጥም ብሎኛል። አንዱ ወዳጄ ‹የሚገድለው ፍጥነት ነው፣ አታክብደው› ይለኛል፤ ሌላው ‹650 ግሬይን ካላደረስከው አትሂድ› ይላል። በነገራችን ላይ ፍላጻዎቼ ሲሄዱ ጭራቸው ይወዛወዛል፣ ወደ ግራም ይስታሉ። የምስበው በቀኝ እጄ ነው። የቱን ልስማ? ደግሞስ በዚያው ልምምድ ሸዋ ሮቢት ያሉ ዘመዶቼ ማሽላ ላይ የሚወርደውን ከርከሮ ብሞክርበት?»

ሁለቱም ወዳጆችዎ ከእውነቱ ቆንጥረው ይዘዋል። ዋናውን ነገር ግን እርስዎ «በነገራችን ላይ» ብለው አለፉት፤ እሱም የጭራው መወዛወዝ ነው። ክብደቱን ከጠየቁኝ ከ450 እስከ 490 ግሬይን፣ ለእርስዎ ዕቃ ደግሞ 465 አካባቢ እላለሁ። ነገር ግን የጨመሩትን ክብደት ዘንጉ ላይ የት እንዳስቀመጡት ፍላጻው ቀጥ ብሎ መሄድ አለመሄዱን ይወስናል። ጎኑን ሰጥቶ የሚደርስ ፍላጻ ጉልበቱን በራሱ ዘንግ መተጣጠፍ ይጨርሰዋል፤ 380ም ይሁን 650 ቆዳው ላይ ይንገዳገዳል።

ብዙ ሰው ሁሉንም «ቀስት» ስለሚል በቃል እንዳንተላለፍ፦ ደጋን የምለው የሚገተረውን፣ ፍላጻ የምለው የሚወረወረውን፣ አውታር የምለው የደጋኑን ክር፣ የደጋን ክንፍ የምለው ከእጀታው በላይና በታች ያለውን የሚጎብጥ ክፍል ነው። ሪከርቭ የክንፎቹ ጫፍ ወደ ፊት የታጠፈ ደጋን፣ ስፓይን የዘንጉ ግትርነት ቁጥር፣ ግሬይን ደግሞ ከግራም ያነሰ የክብደት መለኪያ ነው።

የደጋንዎ ጉልበት 45 ላይሆን ይችላል

ክንፉ ላይ የተጻፈው 45 ፓውንድ ደጋኑ 28 ኢንች ሲሳብ የሚለካ ነው፤ ሁሉም ክንድ እዚያ አይደርስም። ፍላጻ ገጥመው እንደ ልማድዎ ይሳቡ፤ ጣትዎ የከንፈርዎ ጥግ ላይ ሲያርፍ አንድ ሰው ከደጋኑ የፊት ጠርዝ (ወደ ዒላማው ካለው) ትይዩ ዘንጉ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግልዎ። አውታሩ ከሚገባበት የጭራ ሰንጥቅ ግርጌ እስከ ምልክቱ ያለው ርቀት የእርስዎ መሳቢያ ርዝመት ነው። ከዚያ ዲጂታል የሻንጣ ሚዛን አውታሩ መካከል ላይ ያንጠልጥሉና እስከዚያው ርዝመት ስበው ቁጥሩን ያንብቡ፤ ኪሎውን በ2.2 ያባዙት። ሲመልሱት ቀስ ብለው ይመልሱ፤ ያለ ፍላጻ ማስፈንጠር ክንፉን ይሰነጥቃል።

27 ኢንች የሚስብ ሰው ከዚህ ደጋን 43 ፓውንድ ግድም ያገኛል፤ ሚዛኑ 19.5 ኪሎ ያሳያል ማለት ነው። አንድ ኢንች በቀነሰ ቁጥር ከ2 እስከ 2.5 ፓውንድ ይጎድላል። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በ43 ነው ያሰላሁት፤ የእርስዎ ልኬት ከዚህ ከራቀ ቁጥሮቹን በዚያው ልክ ያስተካክሉ።

ፍላጻውን ለመመዘን ደግሞ የወጥ ቤት ሚዛን አይበቃም። አንድ ወርቅ ቤት ጎራ ብለው ቢያስመዝኑ ይሻላል፤ የወርቅ ሚዛን የግራም መቶኛ ድረስ ያነባል። 1 ግራም 15.43 ግሬይን ነው፤ የእርስዎ 380 ግሬይን 24.6 ግራም ይመጣል። ስድስቱንም አንድ በአንድ ይመዝኑ። ካርቦን ከሆኑ በመካከላቸው ከ0.3 ግራም በላይ ልዩነት ሊኖር አይገባም። ከበለጠ አንዱ ላይ ሙጫ በዝቷል ወይም ጫፉ የተጻፈበትን ያህል አይመዝንም።

ፈጣን፣ ከባድ፣ በጣም ከባድ

በሙያው የሚሠራበት መለኪያ የፍላጻው ግሬይን ለደጋኑ ፓውንድ ሲካፈል የሚወጣው ነው። የእርስዎ 380 ለ43 ሲካፈል 8.8 ይሆናል፤ 465 ቢሆን 10.8፣ 650 ቢሆን 15.1። ለአደን ሪከርቭ 8 ዝቅተኛው ወለል ነው ብለው ይያዙ። ከዚያ ሲቀል ደጋኑ ያጠራቀመውን ኢነርጂ ፍላጻው ሳይወስደው ይቀርና ክንፉና አውታሩ ላይ ይራገፋል፤ በባዶ ከማስፈንጠር የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። ከአንድ እንጨት ለተጠረበ ደጋን ወለሉ ከ9 እስከ 10 ከፍ ይላል።

ሦስቱን በ43 ፓውንድ ሪከርቭ ብናወዳድር ሒሳቡ በግምት የሚከተለውን ይሰጣል። 380ው በሰከንድ 55 ሜትር ይሄዳል፣ 465ቱ 51፣ 650ው 44። ኢነርጂያቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው 37፣ 39 እና 41 ጁል ነው፤ ያን ያህል የሚያጣላ ልዩነት የለውም። ሞመንተማቸው ግን (ክብደት በፍጥነት ሲባዛ ማለት ነው) ከ1.35 ወደ 1.53፣ ከዚያም ወደ 1.86 ያድጋል። ቆዳና ሥጋ ውስጥ ሲገባ ፍላጻውን ቶሎ እንዳይቆም የሚያደርገው ይህ ነው። «አክብደው» ያለዎት ወዳጅ እውነቱ እዚህ ላይ ነው።

ዋጋው በመውረድ ይከፈላል። በ15 ሜትር 380ው ከተለቀቀበት መስመር 36 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ 465ቱ 43፣ 650ው 56። ወደ 465 ሲያልፉ ያጡት 7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከሁለት ሳምንት ልምምድ በኋላ ዓይንዎ ያርመዋል። በ10 ሜትር ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። «ፍጥነት» የሚሉት ወዳጅዎ ትክክል የሚሆኑት ርቀቱ 25 ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ነበር፤ እዚያ 650ው ከ380ው ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

መውረዱ ራሱ አያስፈራኝም፤ ሁልጊዜ እኩል ስለሚወርድ ይለመዳል። የሚያስፈራኝ ርቀት ሲሳት የሚመጣው ነው። 15 ሜትር ነው ብለው ያነጣጠሩበት ከርከሮ 18 ሜትር ላይ ቢሆን 380ው ካሰቡት ቦታ 9 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፣ 465ቱ 10፣ 650ው 13 ተኩል። የከርከሮ ልብና ሳንባ የሚያዝበት ቦታ ስንዝር የማይሞላ ነው፤ መካከሉን ያነጣጠረ ሰው 13 ተኩል ከወረደበት እግር ወይም አፈር ያገኛል። 10 ሴንቲ ሜትር ራሱ ጠርዝ ላይ ስለሆነ መሸሸጊያው ውስጥ እንደገቡ ርቀቱን በእርምጃ ለክተው ሁለት ድንጋይ ምልክት ያስቀምጡ።

650 የማልመክርዎ ሌላም ምክንያት አለ። ክብደቱ ከፍ ያለ ጉልበት ላለው ደጋን እንጂ ለእርስዎ 43 ፓውንድ አልተቆረጠም። እዚያ ለመድረስ 270 ግሬይን መጨመር አለብዎ፤ ያንን ሁሉ ፊት ላይ ከጫኑት 500ው ዘንግ እንደ እርጥብ ሸምበቆ ይልላል፣ ሌላ ግትር ዘንግ መግዛት ግድ ይሆናል። ለትልልቅ እንስሳት በ60 እና 70 ፓውንድ ደጋን ለሚያድኑ ሰዎች የተነገረ ምክር ነው ወደ እርስዎ ዞሮ የመጣው።

ደግሞ ድምፅ አለ፤ ይህን ሰው አያነሳውም። ደጋን ሲለቀቅ የሚሰማው ጥፊ የመሰለ ድምፅ ፍላጻው ትቶት የሄደው ኢነርጂ ነው። ድምፁ 15 ሜትሩን በሰከንድ 4 መቶኛ ሲደርስ ፍላጻው ገና 30 መቶኛ ገደማ ይፈልጋል። ከ465 ወደ 380 ቢያቀሉት የሚያተርፉት ከሰከንድ 2 መቶኛ ያህል ነው፤ ውኃ ዳር ጆሮውን አቁሞ የቆመ ከርከሮ በዚያ አይቀደምም። ጸጥ ያለ ደጋን ግን መጀመሪያውኑ አያስበረግገውም። አውታሩ ላይ ከሁለቱ ጫፎች ሩብ ሩብ ርቀት ላይ የበግ ፀጉር ቋጥረው ቢያስሩበት ድምፁ የበለጠ ይበርዳል፤ ለመንዝ ሰው የበግ ፀጉር ከየት ይምጣ ብዬ አልነግርም።

ግራ የሚስተው ለምንድነው

500 ስፓይን ማለት ዘንጉ በ28 ኢንች ርቀት ሁለት ድጋፍ ላይ ተጋድሞ መካከሉ ላይ 1.94 ፓውንድ (880 ግራም) ሲሰቀልበት ግማሽ ኢንች፣ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ይጎብጣል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ዘንጉ ይበልጥ ግትር ነው። አውታሩ ከኋላ ሲገፋው ፍላጻ ሁሉ ይጎብጣል፤ በጎበጠበት ነው የደጋኑን እጀታ ዞሮ የሚያልፈው። ከሚገባው በላይ ግትር ከሆነ አይጎብጥም፤ እጀታው ገፍቶ ያስወጣዋል። በቀኝ ለሚስብ ሰው ወደ ግራ ይስታል፣ ጭራው ይመታል፣ ላባው ያንን ለማረም ሲታገል ይታያል። የነገሩኝ በትክክል ይህንን ነው፦ 100 ግሬይን ጫፍ ያለው ባለ 29 ኢንች 500 ለ43 ፓውንድ ይግተራል።

መልካሙ ዜና ሁለቱም ችግር በአንድ መድኃኒት መዳኑ ነው። ፊት ላይ የሚጨመር ክብደት ዘንጉን ያለልላል፤ ፍላጻውንም ያከብዳል። አሁን ካለው 12 ግሬይን የአሉሚኒየም ኢንሰርት (ጫፉ የሚጠመድበት በዘንጉ ውስጥ ያለው ቁራጭ) ይልቅ 50 ግሬይን የናስ ኢንሰርት፣ ከ100 ግሬይን ጫፍ ይልቅ 150 ግሬይን ቢያደርጉ 380ው 465 አካባቢ ይደርሳል። ይህ ግምት ነው፤ ዳኛው ላባ የሌለው ዘንግ ነው። ይኸውም እንዲህ ይሠራል።

መጀመሪያ አውታሩ ከእጀታው ጥልቅ ቦታ ያለው ርቀት ይስተካከል። ለብዙ ባለ 60 ኢንች ሪከርቭ ከ19 እስከ 21 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ደጋኑ ሠሪ የጻፈው ካለ እሱን ይያዙ። አውታሩን በመጠምዘዝ ትንሽ ትንሽ እያሳጠሩ ይተኩሱ፤ ድምፁ በጣም ዝቅ ያለበት ላይ ያቁሙ። ከዚህ በኋላ ርቀቱን እንዳይነኩት፤ ከነኩት ልኬቱ ሁሉ ከሀ ይጀምራል።

ቀጥሎ አውታሩ ላይ ፍላጻው የሚያዝበት ቋጠሮ ፍላጻው ከሚያርፍበት ቀጥታ መስመር 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል። ሦስቱንም ጣት ከፍላጻው በታች አድርገው የሚስቡ ከሆነ 16 ሚሊ ሜትር ይሁን።

አሁን ከስድስቱ የሁለቱን ላባ በምላጭ ልጠው ያውጡ። ላባና ሙጫው 10 ግሬይን (0.65 ግራም) ያህል ይመዝናል፤ ያንን የሚያህል የኤሌክትሪክ ፕላስተር በላባው ቦታ ይጠቅልሉበት። ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል፤ ከኋላ የቀለለ ዘንግ ግን ልል መስሎ ይታያል፣ ፍርዱን ያዛባል።

ዒላማው በገብስ ጭድ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ይበቃል፤ በትከሻ ከፍታ ይስቀሉት። ከኋላው የድንጋይ ካብ አይሁን፤ የሳተ ካርቦን ድንጋይ ላይ ይሰነጠቃል። በ10 እርምጃ ሦስት ባለ ላባና ሁለት ላባ የሌላቸው ይተኩሱ። መጀመሪያ ቁመቱን ብቻ ይመልከቱ። ላባ የሌለው ከባለ ላባው ከፍ ብሎ ከወደቀ ቋጠሮው ዝቅ ብሏል፣ ያንሱት፤ ዝቅ ካለ ያውርዱት። በ2 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ አይበልጥ። ቁመታቸው ሲገጥም ብቻ ወደ ግራና ቀኝ ይሂዱ፦ ላባ የሌለው ወደ ግራ ከሄደ ግትር፣ ወደ ቀኝ ከሄደ ልል ነው። ግራኝ ለሆነ ሰው ይገለበጣል።

ግትር ከሆነ ጫፉን በ25 ግሬይን እያሳደጉ ይሞክሩ፦ 125፣ 150፣ ከዚያ የናስ ኢንሰርቱ። ወደ ቀኝ ካለፈ የመጨረሻውን ጭማሪ ይመልሱ፣ ወይም ዘንጉን ከፊት በኩል 6 ሚሊ ሜትር ይቁረጡ። መቁረጥ መመለሻ የለውምና የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። በ15 ሜትር ላባ የሌለው ከባለ ላባዎቹ አንድ መዳፍ ያህል ርቀት ውስጥ ሲወድቅ ያቁሙ። በአንድ ከሰዓት በኋላ አይጨረስም። ክንድ ሲደክም መሳቢያው ያጥራል፣ ደጋኑ ይለሰልሳል፣ ፍላጻው ግትር ይመስላል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በደከመ ክንድ የተገኘ ልኬት በማግሥቱ ይፈርሳል። በቀን ከ30 ፍላጻ አያሳልፉ።

አንድ ወጥመድ አለ። በጣም የተበላሸ ልኬት ያለው ፍላጻ ጭራው እጀታውን መትቶ ይነጥርና በተቃራኒው ወገን ይወድቃል፤ ልሉ ግትር፣ ግትሩ ልል ይመስላል። ክብደት ጨምረው ግራ መሳቱ ከባሰ ይህንን ይጠርጥሩ። ፍላጻው በሚያርፍበትና በእጀታው ጎን የሕፃን ፓውደር ወይም ደቃቅ ዱቄት ነስንሰው አንድ ይተኩሱ፤ ዱቄቱ የተጠረገበት መስመር ጭራው የት እንደነካ ይነግርዎታል።

ዘንጉ በ125 ግሬይን ጫፍ ብቻ ቢስተካከልና ክብደቱ 405 ላይ ቢቀር ፊቱን አይንኩት። የጎደለውን 60 ግሬይን በዘንጉ ውስጥ ዳር እስከ ዳር በሚገባ የፕላስቲክ ቱቦ ወይም ጥብቅ ብሎ በሚሄድ የናይሎን ገመድ ይሙሉት። ክብደቱ እኩል ስለሚዘረጋ ግትርነቱን እምብዛም አይለውጠውም። ገመዱ ውስጥ ለውስጥ የሚንሸራተት ከሆነ ግን ባይጨምሩት ይሻላል።

የናስ ኢንሰርቱን ሲያጣብቁ የዘንጉን ውስጥ በአልኮል ይጥረጉና ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ ቀብተው 24 ሰዓት ይተዉት። በእሳት የሚቀልጥ ሙጫ ከተጠቀሙ የሚሞቀው ናሱ እንጂ ካርቦኑ አይሁን፤ የጋለ ካርቦን ሙጫው ይላቀቅና ተኩስ ላይ ይተረተራል።

ፊቱ ምን ያህል ከበደ የሚለው የሚለካው ፍላጻውን በጣት ላይ ሚዛን በማስቆም ነው። የእርስዎ 29 ኢንች 73.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ግማሹ 36.8። አሁን ባለበት ከጭራው ሰንጥቅ 46 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል፤ ከግማሹ ያለፈው ለሙሉ ርዝመት ሲካፈል 13 በመቶ ግድም ነው። በ50 ኢንሰርትና 150 ጫፍ ወደ 52 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፣ 20 በመቶ ይሆናል። ከ15 እስከ 20 በመቶ ያለው ፍላጻ ጭራው ቶሎ ይረጋል፤ በ10 እና 15 ሜትር ተኩስ ቶሎ መርጋት ትልቅ ነገር ነው፣ እንስሳው ጋ ሲደርስ መወዛወዙ ማለቅ አለበትና። ከ20 በላይ ለማሳደግ ግን አይልፉ፤ በዚህ ርቀት ልፋቱን የሚመልስ ትርፍ አላየሁበትም።

ስለቱ

በ39 ጁል ፍላጻ ሦስትና አራት ክንፍ ያለው ስለት መግጠም ጉልበትን ለስለት ማካፈል ነው፤ ሲነካ የሚዘረጋውንማ ጭራሽ ይተዉት፣ ለመዘርጋት የሚበላው ጉልበት ከእርስዎ የተረፈ አይደለም። ሁለት ክንፍ ያለው፣ የማይንቀሳቀስ፣ ርዝመቱ የስፋቱን ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ይሁን። ክብደቱም ከተለማመዱበት ጫፍ ጋር እኩል 150 መሆኑን በሚዛን ያረጋግጡ፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አይመኑ።

ገጥመው ፍላጻውን በጫፉ አቁመው ጠረጴዛ ላይ እንደ እንዝርት ያሹሩት። የስለቱ ሥር ሲሽከረከር ከተንቀጠቀጠ ጠማማ ገብቷል፤ አውጥተው እንደገና ይግጠሙ። የ0.5 ሚሊ ሜትር ጥመት በ15 ሜትር ፍላጻውን ያስኮበልላል።

ሲስሉት በሞረድ ቅርጹን ካወጡ በኋላ ከ25 ዲግሪ ሳይወጡ በረቂቅ ድንጋይ ይጨርሱ፤ ጠርዙ ላይ የሚቀረውን ክር የመሰለ ብረት በቆዳ ቀበቶ ይጥረጉት። የክንድ ፀጉር በደረቁ መላጨት አለበት። ጭድ ዒላማ የተመታበት ስለት ወዲያው ይደንዛል፤ ለልምምድ አንድ ለይተው ሌሎቹን አይተኩሱባቸው።

የከርከሮ ልብ ሰዎች ከሚያስቡት ይልቅ ወደ ፊትና ወደ ታች ነው፤ የፊት እግሩን ተከትለው ይውጡና ከሰውነቱ ሲሶ ላይ ያቁሙ። ጎኑን ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ፣ ወይም በጥቂቱ ፊቱን ወደ ማዶ ሲያዞር ብቻ ይልቀቁ። ፊት ለፊት ከመጣ በ43 ፓውንድ አይተኮስም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

በእንጨት ልሥራ ካሉ

አልጠየቁኝም፤ ግን ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ባህር ዛፍ ላይ ዓይኑን የማይጥል የለም። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 74 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የባህር ዛፍ ዘንግ ብቻውን ወደ 30 ግራም፣ ማለትም 460 ግሬይን፣ ሊመዝን ይችላል። 125 ጫፍ ሲያክሉበት 585 ደረሰ። ጽድ በዚያው ልክ 20 ግራም አካባቢ ነው፤ ለእርስዎ ደጋን የሚስማማው እሱ ነው። የቆመ ጽድ ግን አይነካም፤ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ጣውላ ይፈልጉ፣ ለዓመታት የደረቀ ስለሆነም ይሻላል። ቃጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ የማይሄደውን ይጣሉት፤ ቃጫው ወደ ጎን በወጣበት ይሰበራል፣ ስብራቱም የሚገባው የያዘው ክንድ ውስጥ ነው።

የእንጨት ዘንግ ውኃ ይጠጣል። 20 ግራም የሚመዝን ደረቅ ዘንግ በጣርማ በር ጉም ውስጥ ሲከርም አንድ ግራም ያህል፣ ማለትም 15 ግሬይን፣ ሊጨምር ይችላል፤ ይልላልም። ሰኔ በእኛ ዝናብ ሲጀምር በአብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ደረቁ ክረምታቸው ነው። እዚህ በእርጥበት የተስተካከለ እንጨት እዚያ ደርቆ ይግተራል፣ ወደ ግራም ይስታል። ቫርኒሽ ሦስት እጅ መቀባት ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ለዚህ ጉዞ ካርቦኑ ይቅደም።

ላባም እንዲሁ ነው፤ ከራሰ ይተኛል። በሌላ በኩል ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ላባው የሚይዘው አየር ያነሰ ነው። እዚህ ስለት ገጥሞ የረጋ ፍላጻ ዝቅ ባለ አገር የበለጠ ይረጋል፤ ቆላ ተስተካክሎ ደጋ ቢመጣ ነበር የሚያሳስበው። አራት ኢንች ላባ ካለዎት ወደ አምስት ኢንች ያሳድጉት።

ፈቃዱ

ዘመድዎን አንድ ነገር በጽሑፍ ያስጠይቁት፦ በዚያ ክፍለ ሀገር ለከርከሮ ዝቅተኛ የደጋን ጉልበት፣ የፍላጻ ክብደት ወይም ኢነርጂ ተወስኖ እንደሆነ። ኢነርጂ ከሆነ ክብደት መጨመር አያድንዎትም፤ ከላይ እንዳየነው ከ380 ወደ 650 ቢሄዱ እንኳ ከ37 ወደ 41 ጁል ነው የሚያድገው። በፉት-ፓውንድ ሲጻፍ የእርስዎ 465 ወደ 29 ይመጣል። ከተወሰነው ካነሰ መፍትሔው ጠንካራ ደጋን እንጂ ከባድ ፍላጻ አይሆንም።

የሸዋ ሮቢቱን ነገር ይተዉት። በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው፤ «ማሽላዬን በላብኝ» ማለትም ፈቃድ አይሆንም። ዘመዶችዎ ጉዳቱን በቀበሌያቸው አስመዝግበው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ሌሊት ማማ ላይ በጩኸትና በወንጭፍ መጠበቁም አለ። በጨለማ፣ ርቀቱ ሳይታወቅ በደጋን መተኮስ ከርከሮውን ያቆስለዋል፤ የቆሰለ ከርከሮ ደግሞ ማሽላው ውስጥ ገብቶ ይተኛል፣ ማግሥቱን ለአረም የሚገባው የዘመድ ልጅ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ግን አንድ ልማድ ይያዙ፦ ካርቦኑን ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት በሁለት እጅ ይዘው በትንሹ እያጎበጡ ያዙሩትና ጆሮዎን ይስጡ። ትንሽ እንኳ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰሙ ያንን ፍላጻ እዚያው ሰብረው ይጣሉት፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይተኩሰው።